ቀኑ ያላለፈ ኢንሹራንስ፦ የአንድ ያገለገለ ሞተር ጉዳይ

መነሻው

አንድ ወጣት ያገለገለ 125 ሲሲ ሞተር ገዛ። ሻጩ ሊብሬውን፣ ሁለት ቁልፍ እና በፕላስቲክ የተለበጠ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት አስረከበው። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ልጁ ቀኑን አየና ወረቀቱን ከመቀመጫው ሥር ሸጉጦ ነገሩን ዘጋው። የባለቤትነት ስም ዝውውሩም ያለ ችግር አለቀ። ስለ ኢንሹራንሱ ግን ገዢም ሻጭም አፉን አልከፈተም።

በገዛ በሳምንቱ ማታ ማታ በአፕ የሚታዘዝ ዕቃ ማድረስ ጀመረ። ቀን ቀን ሥራ የሚሄድበትም ይኸው ሞተር ነው።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በታላቅ እህቱ በኩል ነው። የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እኔ ደግሞ የኢንሹራንስ ወረቀት ስመረምር ነው የምውለው። እህትየው ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ደረሰኝ ሳታይ አታምንም። አንድ ቀን ወንድሟን “ኢንሹራንሱ በማን ስም ነው?” ብላ ጠየቀችው። መልሱ “እታለም፣ ቀኑ እኮ አላለፈም!” የሚል ነበር። የጠየቀችው ስሙን፣ የመለሰላት ቀኑን። ይሄ ነው ያሳሰባት።

አደጋ አልደረሰም። ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግኩትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከግጭት በኋላ፣ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ ነው። ያኔ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ጥፋተኛው ስለሚሆን፣ ክፍተቱ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያጣራ አይገኝም። እዚህ ግን ሰው ሳይጎዳ፣ ሳይካሰሱ፣ ደረጃ በደረጃ ማየት ተችሏል።

ወረቀቱ ላይ ያለው

መጀመሪያ ያደረግነው ሰርተፊኬቱን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ማንበብ ነው። የማብቂያውን ቀን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም።

ታርጋው ከሞተሩ ጋር አንድ ነው። የመድን ገቢው፣ ማለትም ኢንሹራንሱን የገባው ሰው፣ ስም የሻጩ ነው። የሽፋኑ ዓይነት “ሦስተኛ ወገን” ይላል፤ በሞተሩ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ማለት ነው። አገልግሎቱ “ለግል” ይላል። ከዚህ በላይ ዝርዝር የለም፤ ምክንያቱም ልጁ የያዘው ሰርተፊኬቱን እንጂ የውሉን ሰነድ አይደለም። ሰርተፊኬት ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ወረቀት ነው። ምን ይሸፈናል፣ ምን አይሸፈንም፣ ማን መንዳት ይችላል የሚለው የሚገኘው በውሉና በውሉ መግለጫ ላይ ነው።

እንግዲህ ገና ከወንበር ሳንነሳ ሁለት ጥያቄ ወጣ። ስሙ የሱ አይደለም። አገልግሎቱም ከሚሠራው ሥራ ጋር አይገጥምም። ልጁ ሁለቱንም አቃለላቸው። “ኢንሹራንሱ ለሞተሩ እንጂ ለሰውዬው አይደለም” አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። በአንዳንድ አገር በከፊል እውነት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ይህ ጉዳይ በተፈጠረበት ቦታ ግን እውነት አይደለም።

በታርጋ ሲፈተሽ

ቀጥሎ የተሽከርካሪዎች ኢንሹራንስ በታርጋ ቁጥር የሚታይበት የጋራ መዝገብ ውስጥ ገባን። እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙ አገር አለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ የሚያስተዳድረው የመረጃ ቋት አለ፤ ባለንብረት የራሱን ታርጋ አስገብቶ ማየት ይችላል። በህንድ ደግሞ “ቫሃን” የሚባለው ብሔራዊ የተሽከርካሪ መዝገብ የኢንሹራንሱን ማብቂያ ቀን ያሳያል።

ታርጋውን አስገባን። “ኢንሹራንስ አለው” የሚል መልስ መጣ፤ የማብቂያ ቀኑም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ልጁ ፈታ አለ። “አላልኳችሁም?” የሚል ፊት አሳየን።

እህትየው ግን አልረካችም። “ይሄ መዝገብ መረጃውን ከየት ነው የሚያገኘው?” አለች። ጥያቄው ልክ ነው። የጋራ መዝገብ ራሱ ውል አይዋዋልም። መድን ሰጪዎቹ የሚልኩለትን ተቀብሎ ያሳያል። ውል ሲገባም ሲሰረዝም መረጃው እስኪደርሰው ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሚያሳየው የዛሬውን ሳይሆን መጨረሻ የተላከለትን ነው። በዚያ ላይ መልሱ ስለ ተሽከርካሪው እንጂ ስለ አሽከርካሪው ምንም አይልም።

ዜሮ ወይስ ኦ?

የመድን ሰጪው ድረ ገጽ ላይም የውል መፈተሻ አለ። የውሉን ቁጥርና የሻንሲ ቁጥሩን ይጠይቃል። ልጁ ከሰርተፊኬቱ እያየ ጻፈ። “በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ውል የለም” አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። የቅድሙ ፊት ጠፋ። “ሰርተፊኬቱ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?” የሚል ሐሳብም መጣ።

ፎርጅድ ኢንሹራንስ መኖሩ እውነት ነው። ግን እዚያ ከመድረስ በፊት ቁጥሩን ማየት ይቀድማል። ሰርተፊኬቱ የታተመበት የፊደል ዓይነት ዜሮን እና የላቲኑን “ኦ” አንድ አስመስሎ ነው የሚያወጣቸው። ልጁ ከቁጥሩ መሀል አንዷን “ኦ” ብሎ አንብቧታል። አሁን ያሉ ሞተሮችና መኪኖች የሚይዙት የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ይህን የሚወስነው አይኤስኦ 3779 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከላቲን ፊደላት ውስጥ ሦስቱን፣ አይን፣ ኦን እና ኪውን፣ አይጠቀምም። ምክንያቱም ይኸው ነው፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ። ስለዚህ ባለ 17ቱ ቁጥር ውስጥ ኦ የሚመስል ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው።

ያም ሆኖ ወርደን ሞተሩን አየነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከመሪው አንገት ጎን ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ ግሪስና አቧራ ሸፍኖታል። ልጁ በጨርቅ ጠርጎ በስልኩ መብራት አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፤ እህቱ ሰርተፊኬቱን ይዛ ተከታተለች። አንድ ናቸው። ይህን ማድረግ ያስፈለገው ለዜሮዋ ብቻ አይደለም። ታርጋ ተነቅሎ ሌላ ሊለጠፍ ይችላል። ወረቀቱ የዚሁ ሞተር መሆኑን የሚያረጋግጠው ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

በዜሮ ሲጻፍ ውሉ ወጣ። ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ “የተሰረዘ” ይላል። የተሰረዘው ከጥቂት ቀናት በፊት ነው።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

አንዱ መዝገብ “አለው”፣ ሌላው “ተሰርዟል” አለ። ልጁ ደስ የሚለውን ማመን ፈለገ፤ ሰው ነውና። ግን የሚያከራክር አይደለም። ውሉን የገባውም የሚሰርዘውም መድን ሰጪው ነው፤ ካሳ የሚከፍለውም እሱ። ሁለት መዝገብ ሲጋጭ የመድን ሰጪው የራሱ መዝገብ ይቀድማል።

ልጁ ደወለ። የተቀበለችው ሠራተኛ በትሕትና “ውሉ በእርስዎ ስም ስላልሆነ ዝርዝሩን ልነግርዎ አልችልም” አለችው። ለምን ተሰረዘ፣ ማን ሰረዘው፣ መልስ የለም። ልጁ ተናደደ፤ ቢሮክራሲ መሰለው። እኔ ግን ጥሩ መልስ ነው ባይ ነኝ። ስለ ውሉ ሊነግሩት የማይፈቀድላቸው ሰው ማለት ደንበኛቸው ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ደንበኛ ካልሆነ ደግሞ ሞተሩን ቢያጋጭ የሚቆሙለት በምን ዕዳቸው ነው?

ቀጥሎ ለሻጩ ደወለ። ሻጩ ምንም አልደበቀም። “እኔማ ሸጫለሁ ብዬ ነገርኳቸው፤ የቀረውን አረቦን መለሱልኝ። አንተ የራስህን አልገባህም እንዴ?” አለው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሻጩ ሞተሩ ከእጁ ስለወጣ ውሉን አሰረዘ። ላልተጠቀመበት ጊዜ የሚመለስለትን አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ክፍያ፣ ተቀበለ። መብቱ ነው። ሰርተፊኬቱን ለገዢው ሲሰጥ “ከሞተሩ ጋር የነበረ ወረቀት ነው” ብሎ እንጂ ሊያታልለው አይደለም። በደንቡ ሰርተፊኬቱን ለመድን ሰጪው መመለስ ነበረበት፤ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላሰበው። ገዢው በበኩሉ ወረቀቱን ከነሞተሩ የገዛው መስሎታል። ክፉ ሰው በሌለበት ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ መሀል ላይ ኢንሹራንስ የሌለው ሞተር ቀረ።

ደግሞም ክፍተቱ በስረዛው ቀን የጀመረ እንዳይመስላችሁ። ውሉ በሻጩ ስም በነበረባቸው ቀናትም ልጁ በስሙ የተጻፈ ሽፋን አልነበረውም። ማታ ማታ ዕቃ ሲያደርስ ደግሞ “ለግል” ከሚለውም ወጥቷል።

አዲሱ ውል

ሞተሩ በዚያው ቀን ቆመ። ልጁ ወደ ቤቱ በታክሲ ሄደ፤ አጉረመረመ ግን ሄደ።

አዲስ ውል ለመግባት ፎርም ሲሞላ የመጣችው ጥያቄ “ተሽከርካሪው የሚውለው ለምንድን ነው?” የምትለው ናት። “ለግል” እና “ለክፍያ ዕቃ ማጓጓዣ” የተባሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ልጁ “ለግል” ላይ ሊያደርግ እስክሪብቶውን አስጠጋ። አረቦኑ ያንሳል። “ማታ ብቻ እኮ ነው፤ ደግሞ የራሴ ሞተር ነው” አለ። ከጉዳዩ ሁሉ ረጅሙ ክርክር እዚህ ላይ ነበር።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ኢንሹራንስ የሚመሠረተው ፎርሙ ላይ በተሰጠ መልስ ላይ ነው። የግል አገልግሎት ውል በክፍያ ዕቃ ማድረስን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ያ ልጅ “ለግል” ብሎ ቢሞላና ማታ ምግብ ሲያደርስ ቢጋጭ፣ ካሳ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ከኋላው የታሰረውን ሳጥን ነው። ከዚያ የአፑን መዝገብ ይጠይቃል፤ አለቀ። ቀኑ ባላለፈ፣ ባልተሰረዘ፣ አረቦኑ በተከፈለ ውል ላይ ሆኖ ካሳው ሊከለከል ይችላል። እንዲያውም ከተሰረዘ ውል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ነው። የተሰረዘውን ድረ ገጽ ላይ ታየዋለህ። ይሄንን ግን የትኛውም መዝገብ አያሳይህም፤ “ጸንቷል” ነው የሚልህ።

የድሮው መድን ሰጪ ዕቃ ለሚያደርስ ሞተር ሽፋን አልሰጥም አለ። ሌላ መድን ሰጪ በከፍ ያለ አረቦን ተቀበለው። መሀል ላይ ሽፋን ያልነበረበት ጊዜ ስላለ የሞተሩን ፎቶ ጠየቁ፦ ከአራቱም ጎን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እና የሻንሲ ቁጥሩን። ልጁ አንድ ነገር ሞከረ፤ ውሉ ሞተሩን ከገዛበት ቀን እንዲጀምር ጠየቀ። እምቢ አሉት። ያለፈ ቀን ኢንሹራንስ አይሸጥም። ሽፋኑ የጀመረው አረቦኑ ተከፍሎ ውሉ ከወጣበት ሰዓት ነው።

በጋራ መዝገቡ ላይ የሆነው ደግሞ የሚገርም ነው። መጀመሪያ የድሮውን ውል እንደጸና አሳየ። ከዚያ “ኢንሹራንስ የለውም” አለ፤ ያኔ ግን አዲሱ ውል በልጁ እጅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አዲሱን አሳየ። ማለትም ሳይኖረው አለው ብሎ፣ ሲኖረው የለውም ብሏል። በዚያ መሀል ልጁ የአረቦኑን ደረሰኝና አዲሱን ሰርተፊኬት ይዞ ነበር የሚነዳው፤ ፖሊስ ቢያስቆመው የሚያሳየው እሱን ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በታርጋ መፈተሹ ብቻውን አልሠራም፤ እንዲያውም ሊያሳስተን ነበር። ለመነሻ ግን ይጠቅማል፤ በተለይ “የለውም” ካለ ወዲያው ለማጣራት።

ስልኩ ግማሽ ሠራ። ዝርዝር ባይገኝበትም ልጁ ደንበኛ አለመሆኑን ነግሮናል።

በጣም የሠራው የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቦ በመድን ሰጪው መዝገብ ውስጥ መፈለጉ ነው። ሻጩን በግልጽ መጠየቁም እንዲሁ። በእነዚህ ሁለቱ ጀምረን ቢሆን ኖሮ ሌላው ሁሉ ባላስፈለገ።

ከዚህ የሚወሰድ

አንድ ውል ሞተ የሚባለው ቀኑ ሲያልፍ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሊሰርዘው ይችላል። በየወሩ የሚከፈል ከሆነ አንድ ክፍያ ሲዘለል መድን ሰጪው ሊያቋርጠው ይችላል። ለአረቦን የተሰጠ ቼክ ሊመለስ ይችላል። ሞተሩ ሊሸጥ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን አይለወጥም። ህንድ ውስጥ በ1938ቱ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 64ቪቢ መሠረት መድን ሰጪ አረቦኑ ሳይደርሰው ኃላፊነት አይወስድም፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ስለዚህ ሰርተፊኬቱ አጠገብ ደረሰኝ ከሌለ ጠይቁ።

ያገለገለ ሞተር ለሚገዛ ሰው የአገሩን ሕግ ማወቅ ግድ ነው። ህንድ ውስጥ በ1988ቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች ሕግ አንቀጽ 157 መሠረት ባለቤትነት ሲዛወር የሦስተኛ ወገን ሽፋኑም ወደ ገዢው እንደተዛወረ ይቆጠራል፤ ገዢው ግን በ14 ቀን ውስጥ ስሙ እንዲቀየር ማመልከት አለበት። በራሱ ሞተር ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነው ሽፋን ግን እንዲሁ በራሱ አይዛወርም። በብሪታንያ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከሻጩ ጋር ነው የሚቀረው፤ ገዢው የራሱን ሳይገባ መንዳት አይችልም። ልጁ “ለሞተሩ እንጂ ለሰውዬው አይደለም” ያለው የመጀመሪያው ዓይነት አገር ቢሆን በከፊል ያስኬደው ነበር።

ሽፋኑ ሁለት ክፍል ካለው ሁለቱንም ለየብቻ ፈትሹ። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ አዲስ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሲሸጥ የአምስት ዓመት የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይዞ ነው የሚወጣው። አብሮት የሚሸጠው የራስ ጉዳት ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። “አምስት ዓመት” የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ቢሰረቅ ምንም አያገኝም፤ መዝገቡ ግን “ኢንሹራንሱ ጸንቷል” ይለዋል። አይዋሽም፤ ግማሹን ነው የሚነግረው።

ሽፋን ሲጠፋ ሞተሩን ማቆም ትክክል ነው፤ ግን በሁሉም ቦታ ብቻውን አይበቃም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተመዘገበ ተሽከርካሪ ቆሞም ቢሆን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል፤ ካልሆነ ከመንገድ ውጭ መሆኑን ባለቤቱ ማሳወቅ አለበት።

ፎርጅድ ከጠረጠራችሁ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ወረቀቱን የሠራው ሰው ስልኩንም ሊሠራው ይችላል። የመድን ሰጪውን ቁጥር ራሳችሁ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ወይም ከቅርንጫፉ ፈልጉ።

ቀኑን ስታነቡ ሰዓቱንም አንብቡ። አንዳንዱ ውል እኩለ ሌሊት ላይ፣ አንዳንዱ ቀትር ላይ ያበቃል። እንደ 05/06 ያለ ቀን ሲታይ ደግሞ ወሩ የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የአንድ ወር ልዩነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁ በእህቱ ግፊት ለአዲሱ መድን ሰጪ ጥያቄ በጽሑፍ ላከ፤ መልሱም በኢሜይል መጣለት። “ኢንሹራንሴ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ “አለ” ብቻ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ዘርዘር አድርገን ነበር የጻፍነው። እንዳለ ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፦

“የውል ቁጥሬ፣ ታርጋዬ እና የሻንሲ ቁጥሬ ከታች ተጽፈዋል። እባክዎ የሚከተሉትን በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ። ውሉ ዛሬ ጸንቷል ወይ? ከየትኛው ቀንና ሰዓት እስከ የትኛው ቀንና ሰዓት? መድን ገቢው ማን ነው? ያልተከፈለ አረቦን አለ ወይ? የሦስተኛ ወገን እና የራስ ጉዳት ሽፋን ሁለቱም አሉ ወይ? በአፕ የታዘዘ ዕቃ በክፍያ ሳደርስ አደጋ ቢደርስ ውሉ ይሸፍናል ወይ?”